ስለ ነርቭ ሕመምና ስለ አደንዛዥ ዕፅ

የነርቭ ሕመም ከሌላው ሕመም የሚለይበት ነገር አለው። የቆሰለ ሰው ቁስሉን ያሳያል፤ አጥንቱ የተሰበረም ስብራቱ ይታይለታል። የስኳር በሽታ የእግሩን ነርቭ የጎዳበት፣ ወይም አልማዝ ባለጭራ ከቆዳው ላይ ድኖ ሥቃዩን ከውስጥ የተወበት ሰው ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። እግሩ ደኅና መስሎ ይታያል፤ እርሱ ግን ፍም እንደ ረገጠ ይቃጠላል፤ ሌሊት ነጠላ ቢነካው እንኳ አይችለውም። ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ራሱ ስለ ተበላሸ፣ የሚጎዳ ነገር ሳይኖር የሥቃይ ወሬ ይልካልና። ስለዚህ እንዲህ ያለው በሽተኛ ሁለት ጊዜ ይሠቃያል፤ አንድም በሕመሙ፣ አንድም «ምንም አልሆንህም» በሚሉት ሰዎች።

እንግዲህ በጀርመን አገር የሚኖር አንድ ምእመን እንዲህ ያለ ሕመም ያዘው እንበል። ሐኪሙ ሌላው መድኃኒት እንዳልረዳው አይቶ ከካናቢስ የተዘጋጀ ጠብታ ቢያዝለት፣ እርሱም ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ «አባቴ፣ ይህን ብወስድ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምን ይመለስለታል? ምሳሌውን እኛ አቀረብነው እንጂ ነገሩ በእውነት የሚያጋጥም ነው። በጀርመን ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በእንግሊዝ አገርም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ሐኪም ያዝዘው ዘንድ ሕግ ፈቅዷል። በአገራችን ግን ሕዝቡ ሐሺሽ የሚለው ይህ ዕፅ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ በስውር ከመንገድ የተገዛውን መድኃኒት ነው ልንለው አንችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ስሙ ራሱ ያስደነግጣል። ነገር ግን ዕፅ የሚለው ቃል የግእዝ ቃል ነው፤ አዳም የተከለከለውን ዕፀ በለስንም፣ ዕፀ ሕይወትንም፣ ጌታችን የተሰቀለበትን ዕፀ መስቀልንም በዚሁ ቃል እንጠራለን። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንዳስገኘ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ ታዞለታል። ስካርን የከለከለው ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩ ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ወይኑ ያው አንድ ወይን ነው፤ የሚለየው መጠኑና የሚወሰድበት ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክርክር አለ። ጌታችን በጎልጎታ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን ቢያቀርቡለት አልተቀበለም፤ ስለዚህ ክርስቲያንም ሥቃዩን ሳያደነዝዝ ሊሸከም ይገባዋል የሚሉ አሉ። ይህን ቃል በቀላሉ አናልፈውም፤ ሰማዕታትና ገዳማውያን በዚሁ መንገድ ሄደዋልና። ይሁን እንጂ ጌታ ማስታገሻውን እንቢ ያለው ስለ ራሱ ጽዋ ነው። ወደ እርሱ ከመጡት ድውያን መካከል ሕመምህን ታግሠህ ተቀመጥ ተብሎ የተመለሰ አንድ ስንኳ አናገኝም። ኢዮብም በሥቃዩ ጮኸ፤ በመጨረሻ የተወቀሱት ግን የሥቃዩን ምክንያት እናውቃለን ብለው የተከራከሩት ወዳጆቹ ናቸው። ሥቃይን በፈቃዱ ለሚቀበል ሰው ነገሩ ጸጋ ሊሆንለት ይችላል፤ በሌላው ላይ ሲጫን ግን ጭካኔ ይሆናል። ጤነኛ ሰው በበሽተኛ ትዕግሥት አይጸድቅም።

መድኃኒት ነው ከተባለ ግን በእውነት ይረዳልን ብሎ መመርመር ይገባል። ራፋኤል መሹላም የተባለ የእስራኤል ሊቅ በ1964 ዓ.ም. ከባልደረባው ጋር የዕፁን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲ.ኤች.ሲ. የተባለውን፣ ለይቶ አወጣ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የሰው ሰውነት ራሱ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ነገር እንደሚያስገኝ ታወቀ፤ ይህም የፈጣሪን ጥበብ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው የኮክሬን ማኅበር በ2018 ዓ.ም. 1,750 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 16 ጥናቶች አመዛዝኖ ያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። የነርቭ ሥቃያቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀለለላቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶው 21፣ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ 17 ናቸው። ጉዳቱን ባለመቻል ያቋረጡትም ከመቶው 10 በ5 ሆነው ተገኙ። ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ሐሳብን ይበትናል፤ በተለይ ለወጣቶችና በቤተሰባቸው የአእምሮ ሕመም ላለባቸው አደገኛ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊንን፣ ጋባፔንቲንንና እነዚህን የመሳሰሉትን መድኃኒቶች ያስቀድማሉ። በ2020 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ካናቢስን እጅግ ከጠበቀው መዝገብ ያወጣው በ27 ድምፅ በ25 ተቃውሞ ነው፤ ያም ሆኖ ከቁጥጥር ሥር አልወጣም።

በእኛ አስተያየት ያ ምእመን ሌላውን ሞክሮ ካልረዳው፣ ሐኪሙ ካዘዘለትና የሚኖርበት አገር ሕግ ከፈቀደለት፣ ጠብታውን በልኩ ቢወስድ አይበደልም። መጠኑን በራሱ ፈቃድ ከጨመረ፣ ወይም ሕመሙ ጋብ ካለ በኋላ ስለ ደስታ ብቻ ከፈለገው፣ ያን ጊዜ ነገሩ ከጢሞቴዎስ ወይን ወጥቶ ወደ ስካር ገብቷል፤ ይህንንም ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ራሱ ስለሆነ ከንስሐ አባቱ አይሰውር። አእምሮው ደንዝዞ መኪና አይንዳ፤ ጸሎቱንም አእምሮው በነቃበት ሰዓት ያድርስ። ለመቁረብ የሚዘጋጅ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት አስቀድሞ ለሐኪሙም ለካህኑም ይንገር። የማታውን ጠብታ ከጾሙ ሰዓት በፊት ማድረግ ከተቻለ መልካም ነው፤ ካልተቻለ ግን ካህኑ የበሽተኛው ሌሊት እንዴት እንደሚያልፍ ሳይጠይቅ ፈጥኖ አይፍረድ።