ወደ ቀድሞ ከተማችን ስንመለስ

ሰው ብዙ ዘመን ከኖረበት ከተማ ወጥቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲያየው ልቡ በሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ደስ ይለዋል፤ በሌላው በኩል ያዝናል። የደስታው ምክንያት ለማንም ግልጥ ነው፤ የኀዘኑን ምንጭ ግን ብዙዎቻችን አንመረምረውም። «ከተማው ተለወጠብኝ» ብለን እናልፈዋለን እንጂ፣ ከተማው እንዳይለወጥ ማን ቃል ገብቶልን ነበር ብለን ራሳችንን አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም፣ ቀድሞ «ቤቴ» ይለው ወደ ነበረው ከተማ የሚመለስ ሰው ምን ይፈልጋል? ከሚፈልገውስ ይልቅ ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በወርኃ ጽጌ ከቤተ ሰባችን ጋር ወደ አዳማ ያደረግነው ጉዞ ነው። ይህ ወራት ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደድዋን የምታስብበት ነው፤ ፍጻሜውም ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው የቁስቋም በዓል ነው። ስለ ስደቱ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ስለ መመለሱ ግን ጥቂት ነው የምናስበው። በወንጌለ ማቴዎስ እንደ ተጻፈው፣ ዮሴፍ ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ተመለሰ፤ ነገር ግን በይሁዳ አርኬላዎስ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድን ፈራ፤ በሕልምም ተረድቶ ወደ ገሊላ ፈቀቅ አለ፤ በናዝሬትም ተቀመጠ። እኛ ያደግንባት ከተማ በልጅነታችን የምትጠራው በዚሁ ስም ነበርና፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ እርስዋ ስንጓዝ ይህ ታሪክ ከልባችን አልወጣም።

ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በልጅነታችን ረጅም ነበር። በባቡር የሄድን እንደ ሆነ በየጣቢያው እየቆመ፣ በአውቶቡስ የሄድን እንደ ሆነ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን እያቋረጠ ይወስደን ስለ ነበር፣ አዳማ ስንደርስ ብዙ ሕዝብ አይተን፣ ብዙ ሰላምታ ተቀብለን ነበር። ዛሬ ግን በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፈጣን መንገድ እነዚያን ከተሞች ወደ ጎን ትቶ ያልፋል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ከዚህ በኩል ሥራውን አቁሟል፤ በእርሱ ፈንታ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ሠርቷል። ልጆቻችን እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ ከከፍታው ላይ ደረስን፤ በዚያም በነፋስ የሚዞሩት ታላላቅ መዘውሮች በተራራው ጫፍ ተሰልፈው ታዩን። በልጅነታችን ያ ነፋስ አቧራ በማንሣትና ዓይን በማሳመም ብቻ ይታወቅ ነበር፤ አሁን ግን ለአገር ብርሃን ይሰጣል። በዚያ ኮረብታ ላይ የነበረውን በረከት እኛ ሳናየው ኖረን፣ ከእኛ በኋላ የመጡት አዩት።

ወደ ከተማው ስንገባ የመጀመሪያው ክርክር በስም ላይ ሆነ። አብረውን የነበሩት እናታችን «ናዝሬት ደረስን» ሲሉ፣ የልጅ ልጃቸው «አዳማ ነው እንጂ» ብሎ አረማቸው። እርሳቸውም ጥቂት ቅር አላቸው። ነገሩ ሁለት ወገን አለው። ናዝሬት የሚለውን ስም ያወጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ስሙም የጌታችን ያደገበት ከተማ ስም ስለ ሆነ በብዙዎች አፍና ልብ ገብቷል። አዳማ የሚለው ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ በኦሮምኛ ከቁልቋል ተክል ስም እንደ ወጣ ይነገራል፤ በ1992 ዓ.ም.ም ወደ መጠሪያነቱ ተመልሷል። እንግዲህ «የልጅነቴ ስም ተወሰደብኝ» ብሎ የሚያዝን ሰው፣ ከእርሱ በፊትም የአባቶቹ ስም ተለውጦበት ያዘነ ሰው በዚያው መንደር እንደ ነበረ ሊያስብ ይገባዋል። «አገሬ» ስንል ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት ማንም ያልኖረባት፣ ከእኛም በኋላ ማንም የማይኖርባት አድርገን ነው። ይህ ግን ፍቅር አይደለም፤ ርስት መቁጠር ነው። ስሙን በፍቅር መጥራት መልካም ነው፤ የሌላውን አጠራር መናቅ ግን የፍቅሩን ዋጋ ያጠፋል።

ተከራይተን የኖርንበትን ግቢ ፈልገን በጭንቅ አገኘነው። የጭቃ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ የጋሪ ፈረሶች ይቆሙበት በነበረው ጥግ ባጃጆች ተሰልፈዋል። እናታችን የጉድጓዱ አፍ የነበረበትን ቦታ በእግራቸው እየለኩ ፈለጉና አጥተውት አለቀሱ። ልጆቻችን ግን በዚያው ሰዓት የመንገዱን ስፋት፣ የዘንባባውን ጥላ፣ የገበያውን ሞቅታ እያዩ ይደሰቱ ነበር። በዚህ ጊዜ በመጽሐፈ ዕዝራ የተጻፈው ትዝ አለን። ከባቢሎን የተመለሱት የቤተ መቅደሱን መሠረት ሲጥሉ፣ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ፤ ሕዝቡም የልቅሶውንና የእልልታውን ድምፅ መለየት አልቻለም። መጽሐፉ ሽማግሌዎቹን ስለ ማልቀሳቸው አልነቀፋቸውም፤ ወጣቶቹንም ስለ ደስታቸው አልነቀፋቸውም። ስለዚህ ያለፈውን እያሰቡ ማዘን ኃጢአት ነው አንልም። ኀዘናችን የልጆቻችንን ደስታ የሚያፍን፣ አዲሱ መሠረት እንዳይጣል የሚከለክል ሲሆን ግን ያን ጊዜ ወደ በደል ይሻገራል።

ከዚህ በኋላ ልጆቻችን ሌላ ነገር ጠየቁን። «እዚህ አገር የብዙ ሰው ጥርስ እንደ እናንተ ጥርስ የበለዘ ነው፤ ለምንድን ነው?» አሉን። እኛም ነገርናቸው። የስምጥ ሸለቆ ምድር በእሳተ ገሞራ የተሠራ ስለ ሆነ ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በዚህ ሸለቆ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጉድጓድ አለ። ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሳለ ይህን ውኃ የጠጣ ሕፃን ምልክቱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ይኖራል። በ1946 ዓ.ም. በተመረቀው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዙሪያ በነበሩ መንደሮችም ለብዙ ዓመታት ይህን ውኃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ጭምር እንደ ተጎዳ ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። ከዚህ አገር የወጣ ሰው በሩቅ ከተማ ሳለ ፈገግ ሲል የአገሩ ልጅ የሚያውቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ለልጆቻችን ስናስረዳ አንድ ነገር ልባችንን ወጋው። ከተማይቱ በሥጋችን ላይ ምልክትዋን ጥላለች፤ የማይታጠብ፣ የማይፋቅ ምልክት ነው። እኛስ በእርስዋ ላይ ምን ምልክት ጥለናል? ውኃዋን ጠጣን፣ በትምህርት ቤትዋ ተማርን፣ በቤተ ክርስቲያንዋ ቆረብን፤ ከዚያም ወጣን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ናፈቀችን» እያልን ስንናገር ኖርን እንጂ፣ የዚያ ውኃ ነገር እንዴት ሆነ? ከእኛ በኋላ የተወለዱት ሕፃናትስ ምን ይጠጣሉ? ብለን አንድ ቀን አልጠየቅንም። ናፍቆት ሳይጠይቅ የሚኖር ከሆነ የሚወደው ከተማውን ሳይሆን ራሱን ነው፤ የሚያለቅሰውም ስለ ገዛ ወጣትነቱ ነው።

መልሱ በማግሥቱ እሑድ በቅዳሴ ፍጻሜ መጣ። እናታችን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አረጋውያኑን እየዞሩ ስለ ቀድሞ ጎረቤታችን ጠየቁ። እኒያ ሴት በኦሮምኛ፣ እናታችን በአማርኛ እየተናገሩ፣ በአንድ አጥር ተጠግተው፣ እሳትና ጨው ተበዳድረው ሳይጣሉ የኖሩ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት እንዳረፉ ተነገረን። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ የእናታችንን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፣ «የክርስትና አባቴ እርስዎ ነዎት?» አለን።

እውነት ነው፤ ከከተማው ከመውጣታችን ጥቂት ቀደም ብሎ የእኒያን ሴት ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣነው እኛ ነበርን። ረስተነው ነበር። ስሙን እንኳ ለማስታወስ ተቸገርን። ባጃጅ እየነዳ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን እንደሚያስተዳድር ነገረን። አንዳች የወቀሳ ቃል አልተናገረም። «እናቴ፣ ‹የክርስትና አባትህ ሩቅ ነው እንጂ የለም አይባልም› ትለኝ ነበር» አለ እንጂ። ያን ጊዜ ለመናገር ቃል አጣን። የፈረሰው ግድግዳ፣ የተደፈነው ጉድጓድ፣ የተለወጠው ስም፣ ትናንት ያዘንንበት ሁሉ በዚያ ሰዓት ቀላል ሆነብን።

ቤተ ክርስቲያን የክርስትና አባት የምታቆመው ለሥርዐት ማሟያ አይደለም። ሕፃኑ ሲያድግ ሃይማኖቱን እንዲያስተምረው፣ ምግባሩን እንዲጠብቅለት፣ ወላጁ ቢያርፍ እንደ ወላጅ ሆኖ እንዲቆምለት አደራ ትሰጠዋለች። እኛ የፈረሰውን ቤታችንን ፈልገን መጣን፤ ያልፈረሰው አደራችን ግን በበር ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። ከተማው ተለወጠብን ብለን የከሰስን እኛ፣ ለከተማው የታመንን ሆነን አልተገኘንም። እርስዋ እንድትጠብቀን ፈለግን፤ እኛ ግን አልጠበቅናትም።

በወንጌለ ሉቃስ ጌታችን ወዳደገበት ወደ ናዝሬት በመጣ ጊዜ የከተማው ሰዎች የዮሴፍ ልጅ እንደ ሆነ ከማወቃቸው የተነሣ ሊቀበሉት አልቻሉም፤ እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ አውጥተው ሊጥሉት ፈለጉ። የሚያውቁት መስሏቸው ነበርና ማንነቱን ማየት ተሳናቸው። ይህ ታሪክ የሚወቅሰው ተመላሹን የማይቀበለውን ሕዝብ ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡን የማይቀበለውንም ተመላሽ ጭምር ይወቅሳል። እኛም ከተማችንን እናውቃታለን በማለት፣ ዛሬ የሆነችውን ሳናይ ቀርተን ነበር።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «ሐዋርያው በዚህ ምድር የሚኖር ከተማ እንደሌለን፣ የሚመጣውን እንድንፈልግ አስተምሮን የለምን? ታዲያ ስለ ምድራዊ ከተማ ይህን ያህል ማሰብ ምን ይጠቅማል?» ሊለን ይችላል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳ መሆናችን ከዕዳ ነጻ አያወጣንም፤ እንዲያውም ያጸናብናል። እንግዳ የበላበትን ቤት አመስግኖ ይወጣል፤ ያበደሩትን ይመልሳል። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት፣ የራሳቸው ላልሆነችው ከተማ እንኳ ሰላምን እንዲፈልጉ፣ ስለ እርስዋም እንዲጸልዩ ጽፎላቸዋል። የምርኮ ከተማ ይህን ያህል ከተገባት፣ ያሳደገች ከተማ ምን ያህል ይገባት!

ምእመናን ሆይ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ጥቂት የማይባለው ከተወለደበት ርቆ ይኖራል፤ አንዳንዱ በአዲስ አበባ፣ አንዳንዱም በባሕር ማዶ ነው። በበዓላት ቀን ወደ ቀድሞ ከተማችን ስንመለስ ሦስት ነገር እናስብ። አስቀድመን ከቤቱ በፊት ሰዉን እንጠይቅ፤ ማን አለ፣ ማን አረፈ፣ ማንስ ተቸገረ ብለን። ሁለተኛ የተውነውን አደራ እንመርምር፤ የክርስትና ልጅ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ ያልታረቅነው ጎረቤት ይኖር እንደ ሆነ። ሦስተኛ በስፍራችን የተተኩትን እንባርካቸው፤ እኛ በኖርንበት መኖራቸው ቅሚያ አይደለምና።

እኛ ከዚያች ቀን ወዲህ ከክርስትና ልጃችን ጋር በየሳምንቱ በስልክ እንነጋገራለን፤ የልጆቹንም ስም ተምረናል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው በዚህ አይካስም፤ ንስሐ ግን የሚጀመረው ካለንበት ነው። ዮሴፍ ከግብጽ ሲመለስ ወደ ይሁዳ መሄድን ትቶ በታዘዘበት ስፍራ ተቀመጠ፤ በዚያም የተሰጠውን ሕፃን አሳደገ። መመለስ ማለት ይህ ነው፤ ያለፈውን ማስመለስ ሳይሆን የተሰጠንን አደራ መጠበቅ ነው። ለዚህም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።