ትርፉ ከማን እጅ ይመጣል?

ያልዘሩትን ለማጨድ መመኘት የቆየ የሰው ጠባይ ነው። በዘመናችን ይህ ምኞት እጅግ ከሚበረታባቸው ሥፍራዎች አንዱ የማዕድን ኩባንያዎች አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ሸጦ ገንዘብ ይሰበስብና ወርቅ ፍለጋ መሬት ይቆፍራል። ቁፋሮው ተስፋ ያሳየ እንደ ሆነ፣ ማዕድኑን ለማውጣት አቅም ያለው ታላቅ ኩባንያ ትንሹን ሊገዛው ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ከገበያው ዋጋ አብልጦ ይከፍላል። ስለዚህ «እገሌ ሊገዛው ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ ባንድ ቀን ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው የሚገዛው ማዕድኑን ሳይሆን ወሬውን ነው።

ለዚህ ብሬ-ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ታሪክ ምስክር ነው። ይህ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ፣ በቦርንዮ ደሴት፣ ቡሳንግ በተባለ ሥፍራ ተወዳዳሪ የሌለው ወርቅ አገኘሁ አለ። ባሪክና ፕሌሰር ዶም የተባሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ሲሻሙበት ሕዝቡ «እነዚህ ከፈለጉት እውነት ቢሆን ነው» ብሎ ገዛ፤ የኩባንያውም ዋጋ ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ደረሰ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ግን ፍሪፖርት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራሱ ቆፍሮ ቢመረምር የሚረባ ወርቅ አጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ለምርመራ በቀረበው የድንጋይ ናሙና ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ ወርቅ እንደ ተጨመረበት ተረጋገጠ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። ከከሰሩት መካከል የኦንታሪዮ መምህራን የጡረታ ገንዘብ ይገኝበታል።

እንግዲህ ዋጋው ከመውደቁ በፊት ሸጦ የከበረ አንድ ሰው ቢኖር፣ «ወርቁን የቀላቀልሁት እኔ አይደለሁም፤ ሲረክስ ገዛሁ፣ ሲወደድ ሸጥሁ፤ ምን በደልሁ?» ይል ይሆናል። እኔም አጭበርባሪ አልለውም። ደግሞም ገንዘብን ላልታወቀ ነገር ማውጣት በራሱ ነውር አይደለም፤ ለፍለጋ የሚደፍር ሰው ባይኖር ብዙ ሀብት ከመሬት በታች በቀረ ነበር።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቀው እወዳለሁ፤ ትርፍህ ከማን እጅ መጣ? ከቡሳንግ አፈር አልወጣም። የመጣው ከእርሱ በኋላ ከገዛው ሰው ኪስ ነው። ያን ሰው ገበያው ፊቱን ስለ ሰወረው ሻጩ አላየውም፤ አለማየቱም ኅሊናውን ያሳርፍለታል። ሳይመረምር የሰማውን ወሬ አድምቆ ለሌላው ያቀበለ ከሆነማ፣ ከዝምታም ያለፈ ድርሻ አለው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይምሰልህ። እንደ እኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል፤ አንተም ነገ ገዢ ወይም ሻጭ ልትሆን ትችላለህ። በምትሸጥበት ቀን ገዢው ከፊትህ እንደ ተቀመጠ አድርገህ አስብ። የምታውቀውንና የማታውቀውን ሁሉ ብትነግረው አሁንም የሚገዛህ ከሆነ፣ ያለ ሐሳብ ሽጥ። ወሬው እንዳይሰማበት የምትፈራ ከሆነ ግን፣ የምትሸጥለት አክሲዮን ሳይሆን የራስህን ኪሳራ ነው።