የማን ነህ?

ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። ሟቹ ጓደኛዬ 8 ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሠራ ሰው ነው፤ ያን ስም የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። ስልኩን፣ ኢሜይሉን፣ የመግቢያ ስሙን በቃሌ አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታችንን የተጠቃሚዎች መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝና።

መዝገቡ ኦፕን ኤልዳፕ በሚባል ሶፍትዌር የሚሠራ፣ ሰርቨሮቹ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ነው። ዱሮ 12ቱ የሊኑክስ ሰርቨሮቻችን የየራሳቸው መዝገብ ስለነበራቸው፣ ሰው በተቀጠረ ቁጥር 12 ቦታ እዞር ነበር። አሁን ሰው ሊገባ ሲል ሰርቨሩ መጀመሪያ የራሱን ፋይል ያያል፤ ካጣው ማዕከላዊውን መዝገብ ይጠይቃል። ሩትን ግን (የመጽሐፍ ቅዱሷን አይደለም፤ ቁጥሩ 0 የሆነውን የማሽኑን ጌታ) እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተውኩት። መዝገቡ የወደቀ ዕለት በየት ልገባ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1998 ኤልዳፕን (መዝገቡ የሚጠየቅበትን ፕሮቶኮል) ሊኑክስን ከመሰሉ የዩኒክስ ሥርዓቶች ጋር ያገናኘው ሰነድ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስምም ቁጥርም ይሰጠዋል። ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ታዲያ ቁጥሩ ብቻ ነው። ፋይል ስንዘረዝር የምናየው ስም ለእኛ ዓይን ሲባል ከመዝገቡ ተጠይቆ የሚመጣ ነው። ከቀብሩ በኋላ የጓደኛዬን አካውንት ስሰርዝ፣ በሥራዎቹ ሁሉ አጠገብ ስሙ ጠፍቶ 10047 የሚል ቁጥር ቀረ።

ሁለት ወር ቆይቶ አንዲት አዲስ ሠራተኛ መጣችና «ጋሼ፣ ያልጻፍኳቸው ፋይሎች በእኔ ስም ሆነው አገኘሁ» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አካውንት የሚከፍተውን ስክሪፕት ስጽፍ፣ መጀመሪያ ክፍት ያገኘውን ቁጥር እንዲሰጥ አድርጌው ስለነበር 10047 ለእሷ ደረሳት። ለማሽኑ እሷና ሟቹ አንድ ሰው ናቸው።

በኛ ሙያ ሰውን ማወቅ ማለት ከሌላው መለየት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር። እንደ ጓደኛዬ የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም የሆነው ግን ስንት ሺህ ነው? ቄሱ ስሙን ሲጠሩ እግዚአብሔር ከሌላው ገብረ ማርያም ጋር ያምታታዋል ብለው አይሰጉም። የዚህ ስም ሥራ መለየት አይደለም ማለት ነው። «የማርያም አገልጋይ» ሲባል የሚነገረው የማን እንደሆነ ነው። ፋይሉም የሚጠየቀው ያንኑ ነው፤ የማን ነህ? ፋይል ግን ባለቤቱ ከተሰረዘ ቁጥሩን ለወረሰው ያድራል። በተወለደ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የማን እንደሆነ የተነገረለት ሰው ባለቤቱ አይሰረዝበትም፤ እኔ የማምነው እንዲህ ነው።

ስክሪፕቱን አስተካክያለሁ። የሞተ ሰው አካውንት ከእንግዲህ ይቆለፋል እንጂ አይሰረዝም። ለልጅቷ አዲስ ቁጥር ተሰጣት፤ 10047 በስሙ ተመልሷል።