ስህተቱን የማያውቅ ሰዓት

ኮምፒውተራችሁ ተዘግቶም ሰዓቱን አይረሳም። በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የውስጥ ሰዓት አለው፤ የኳርትዝ ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ግን ያዛንፉታል። በቀን አንድ ሰከንድ ብቻ ቢስት በዓመት ከ6 ደቂቃ ያልፋል። እሱ ግን አይታወቀውም፤ እየተሳሳተም በልበ ሙሉነት ይቆጥራል።

ስለዚህ በኔትወርክ አማካይነት ሌሎች ሰዓቶችን ይጠይቃል። ኤንቲፒ የተባለው ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ። ብዙዎችን ያነጻጽራል፤ የሚዋሸውን ለይቶ ይተዋል፤ ትንሿን ስህተት በአንዴ ሳይዘል ቀስ በቀስ ያርማል።

እኛስ? ልባችንን ብቻ እየጠየቅን ስንት ዓመት ሄድን? «ተሳስተሃል» ያለንን ወዳጅ ስንቴ ራቅነው? ዛሬ እውነቱን የሚነግራችሁን አንድ ሰው ጠይቁ። ሰከንዷ ደቂቃ ሳትሆን።

ጁሙዓ ሙባረክ!