ደህናውን ቀን ተጠንቀቂው

ልጄ፣ ሐሙስ ዕለት በስልክ ያልሺኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አደረ። «እትዬ፣ ማክሰኞ እኮ ፍጹም ደህና ነበርኩ፤ ምን ነካኝ?» አልሺኝ። ማክሰኞ ምን ስትሠሪ እንደዋልሽ ብጠይቅሽ ዘረዘርሺልኝ። ልብስ አጥበሻል። የልጆቹን ፍራሽ አውጥተሽ አራግፈሻል። ውኃ በወረፋው መጥቶ ስለነበር ሁለት ጀሪካን ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክመሻል። ማታ ደግሞ የተማሪዎችሽን ፈተና ስታርሚ አምሽተሻል። ረቡዕ ትንሽ ከበደሽ፤ ሐሙስ ጠዋት ከአልጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዘሽ ሄድሽ።

የነካሽ ማክሰኞ ነው። የጣለሽ ያ ደህና ቀን ነው።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ አባቶች። ኮቪድ ካለፈ በኋላ በሰው ላይ የሚቀረው ድካምም አወሳሰዱ እንደዚያ ነው። በክፉው ቀን ማንም ይተኛል፤ ለመተኛት ምክር አያሻም። ምክር የሚያሻው ጠዋት ተነሥተሽ «ዛሬስ ቀለል ብሎኛል» ያልሽ ቀን ነው። ያን ቀን የተጠራቀመው ሥራ ዐይን ዐይንሽን ያይሻል፣ አንቺም የሦስት ሳምንቱን በአንድ ቀን ልትጨርሺ ትነሻለሽ። ዛሬ የምልሽ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለዚያ ቀን ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ነገር ግን ሥራዬ ያላስተማረኝን የራሴ አልጋ አስተማረኝ። በ2013 ሚያዝያ፣ ሆስፒታሎች በሞሉበት፣ ኦክስጅን በጠፋበት ሰሞን ያዘኝ። ትኩሳቱ በዐሥር ቀን ለቀቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት «ድኛለሁ» ብዬ ጎረቤት ለቅሶ ሄድኩና ቀኑን ሙሉ ቆሜ ወጥ ሳማስል ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያ ማንሣት አቃተኝ። ተሻለኝ፣ ተነሣሁ፣ ቤቴን አጠብኩ፣ ወደቅኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ጊዜ ተነሥቼ አራት ጊዜ ወደቅኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእኔ መቀነት አራቴ ተፈታ።

ሐኪም ዘንድም ሄጄ ነበር። «ዕድሜ ነው፣ ጭንቀትም አለብዎት» ብሎ ቫይታሚን ጽፎ ሸኘኝ። ያን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁና ሦስት ወር ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። አሁን ሳስበው ከበሽታው ይበልጥ የጎዳኝ ያ ዝምታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ለስንት በሽተኛ ስናገር ኖሬ ለራሴ ሲሆን ረሳሁት። አንቺ አትርሺው።

ይህ ነገር ስም አለው። ስሙን ያወጡለት ደግሞ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በግንቦት 2012 ኤሊዛ ፔሬጎ የምትባል ጣሊያናዊት የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ፣ ራሷ ታማ ሳለች፣ «ሎንግ ኮቪድ» ብላ ጻፈችው፤ ከዚያ ዓለም ሁሉ ያዘው። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ፍቺ ሰጠው፤ ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ ሌላ በሽታ ሊያስረዳው የማይችል ምልክት ማለት ነው። ድርጅቱ ኮቪድ ከያዛቸው 100 ሰዎች ስድስቱ ገደማ እንዲህ እንደሚሆኑ ይገምታል። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተገኘ ወዲህ በየሰፈሩ ስንቱ «ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዬ አይደለሁም» እያለ ሲኖር ሰምተሻል? እኔ ብዙ ሰምቻለሁ። አንዳቸውም ስሙን አያውቁትም።

አንቺን የሚያስለቅስሽ ግን ድካሙ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። «ሰነፍ ሆንኩ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ይህን ስሚ። በአምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች እንዳንቺ የሆኑ 25 ሰዎችን ለሩብ ሰዓት ያህል ብስክሌት አስነዷቸው፤ ከጭናቸውም ከድካሙ በፊትና በኋላ ትንሽ ሥጋ ወስደው መረመሩ። ውጤቱ በታኅሣሥ 2016 ወጣ። ከልፋቱ በኋላ ጡንቻቸው ተጎድቶ፣ በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል ሥራው ቀንሶ ተገኘ። ይህ በማጉያ መሣሪያ የታየ ጉዳት ነው፤ ስንፍና በማጉያ መሣሪያ አይታይም።

ጉልበትሽን እንግዲህ እንዲህ አስቢው። ሰውነትሽ ዛሬ እንደ አራጣ አበዳሪ ሆኗል። ካለሽ በላይ ስትወስጂ አይከለክልሽም፤ እያየሽ ይሰጥሻል። ዕዳውን የሚጠይቀው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው፣ ያውም ከነወለዱ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ማክሰኞ የሠራውንና ሐሙስ የወደቀውን አያገናኛቸውም። አንቺ ደብተር ያዢ። ማታ ማታ ሁለት መስመር ብቻ፤ ምን ሠራሁ፣ እንዴት ዋልኩ። ወር ሳይሞላ ልክሽን ታውቂዋለሽ። ልክሽን ስታውቂ ደግሞ ከልክሽ በታች ቁሚ። ድካም ከመጣ በኋላ ማረፍ ዘግይቷል፤ ሳይደክምሽ ዕረፊ። ፈተና ስታርሚ ዐሥር ወረቀት፣ ከዚያ ጋደም፤ ስልክሽንም አታንሺ፣ ስልክ ማየት ዕረፍት አይደለም። ማንበብም፣ መጨቃጨቅም፣ እንግዳ ማጫወትም ጉልበት ይበላል።

ወጥ ቤት ሁሉን ነገር ቆሞ መሥራት የለመድን ሰዎች ነን። ሽንኩርት ተቀምጠሽ ክተፊ። ምጣድ ፊት ከፍ ያለ በርጩማ አስቀምጪ። የምጣድ ሙቀት ብቻውን ልብሽን እንደሚያስመታው ነግረሺኝ የለ? ከአልጋ ስትነሺ ልብሽ የሚዘልል፣ ዐይንሽ የሚጨልም ከሆነ ቀስ ብለሽ ተነሺ፤ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ ከዚያ ቁሚ። ውኃ አዘውትረሽ ጠጪ። ለሐኪምም ንገሪ፤ ተኝተሽና ቆመሽ የልብ ምትሽ ይቆጠር፣ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ 30 እና ከዚያ በላይ የሚጨምር ከሆነ ክትትል የሚፈልግ ነገር ነው። ደረጃውን ስትወጪ በየፎቁ ዕረፊ፤ ጎረቤት ቢያይሽ ይይሽ። ቤተ ክርስቲያንም ሙሉ ቅዳሴ ልቁም አትበይ፤ ሕመምተኛ ቢቀመጥ የሚቆጣ አምላክ የለም። ለጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሥርዓት አለው። ሙስሊም ጎረቤትሽም በረመዳን ለሕመምተኛ አለመጾም እንደሚፈቀድለት ታውቃለች።

«ስፖርት ሥሪ፣ ላብ ይወጣልሻል፣ ይለቅሻል» የሚሉሽ አሉ። ከፍቅር ነው፤ ግን አትስሚያቸው። ከልፋት በኋላ ለሚወድቅ ሰው ራስን ማስገደድ ይጎዳል። ሁለት ሳምንት ያለ መውደቅ ስትቆይ ትንሽ ጨምሪ፣ አምስት ደቂቃ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እንቁላሉ ሳይሰበር ነው።

ስለ ቡናው ልንገርሽ። የቡና ሽታ «የተቃጠለ ላስቲክ» ሆነብኝ ስትዪኝ ዕንባዬ መጣ፣ እኔም አልፌበታለሁና። ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቡና ሲቆላ ከቤቴ ወጥቼ በር ላይ የተቀመጥኩበትን ቀን አልረሳውም። ቡና ለእኛ የሚጠጣ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር የምንገናኝበት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ሰው ብቻውን ይቀራል። አፍንጫ ግን እንደ ሕፃን እንደገና ይማራል። ሐኪሞች የሚመክሩት አራት ሽታ ነው፤ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ። ሦስቱ ከቤትሽና ከደጅሽ አይጠፉም። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ሃያ ሰከንድ ያህል፣ ምን ይሸት እንደነበር እያስታወስሽ አሽቺ። ወራት ይፈልጋል። እኔ በአምስተኛው ወር ቅርንፉዱን አገኘሁት፣ ቡናው ከሁሉም ዘግይቶ መጣ። እስከዚያው ጋዝ ምድጃውን ሌላ ሰው ያረጋግጥልሽ፤ ማታ የቀረ ወጥም ልጆቹ ያሽቱት።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሻለሁ። ድካምን ሁሉ ኮቪድ ነው ብለሽ አትቀመጪ። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሰውን እንዲሁ ያደክማሉ፣ እነርሱ ደግሞ መድኃኒት አላቸው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ የቲቢ ምርመራ ይደረግልሽ። ደረትሽን ከወጋሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ ወይም ተቀምጠሽ ሳለ ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። አንዱ ሐኪም ካልሰማሽ ሌላ ዘንድ ሂጂ፣ ደብተርሽን ይዘሽ። እኔን ያዳመጠችኝ ሁለተኛዋ ሐኪም ናት፤ የሰጠችኝ መድኃኒት ጥቂት ነበር፣ ማመኗ ግን አልጋዬን አቀለለው። ሥር የሚነቅል ፈውስ አለኝ የሚልሽን ገንዘብሽን አትስጪው። እስከ ዛሬ ይህን ሕመም የሚያድን መሆኑ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ ዳማ ከሴሽን ጠጪ፣ የሐኪም መድኃኒትሽን ግን አታቋርጪ።

አሁን ለባልሽ ነው የምናገረው፤ አንብቢለት።

ልጄ፣ ሚስትህ ሰው ፊት ስትስቅ አይተህ «አሁን ደህና አልነበርሽ?» አትበላት። እንግዳው ከሄደ በኋላ ምን እንደምትሆን የምታየው አንተ ነህ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የቤቷ ሰው ምሳር አይያዝባት። እናትህን አከብራቸዋለሁ፣ «በእኛ ጊዜ ታመን ዱቄት እንፈጭ ነበር» ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። እርሳቸው አራስ ሳሉ ግን ማን ውኃ ቀዳላቸው? ማን ገንፎ አገነፋላቸው? አገራችን ለአራስ ጥሩ ሕግ አላት፤ አራስን «ምነው ተኛሽ?» የሚል የለም፣ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ለሚስትህ ያንኑ ሕግ አውሱልኝ፣ ቀኑን ብቻ አርዝሙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጀሪካኑ ያንተ ይሁን፣ አልጋ ማንጠፍ የትልቁ ልጅ፣ ሳህኑ የትንሿ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚሉት ስለ ጨርቅ ብቻ አይደለም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ትምህርት ቤቱን ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የግል ተቀጣሪ ነሽ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ይጠይቁሻል፤ ስለዚህ ወረቀትሽን አትጣዪ። ፈቃድ ሳትወስጂ በፊት ደግሞ ርእሰ መምህሩን ተቀምጠሽ አነጋግሪያቸው፤ ክፍልሽ ወደ ምድር ቤት ይውረድልሽ፣ ተቀምጠሽ አስተምሪ፣ ክፍለ ጊዜው ይቀነስልሽ። የተማሪ ስም ጠፋብኝ ብለሽ አትሸማቀቂ፤ የመቀመጫቸውን ንድፍ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ።

መቼ ይለቀኛል አልሺኝ። አልዋሽሽም። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ ዓመት የሚያልፈውም አለ። እኔን ዐሥራ አራት ወር ፈጀብኝ፣ ዛሬም ዳገት ላይ ቆም እላለሁ። ሲሻልሽም ልክሽን እንዳትረሺ፤ ታሞ የተነሣ እግዜርን ረሳ ይባላል፣ ልኩንም ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል አለ እንጂ ቫይረሱ አልጠፋም፤ ደግሞ መያዝ ያለሽበትን ሊያብስብሽ ይችላል። ሰው በታጨቀበት ታክሲ ጭምብል አድርጊ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ክፈቺ።

ሌሊት ሌሊት ከመተኛትሽ በፊት «ምነው ባልነቃሁ» የሚል ሐሳብ እንደመጣብሽ በጨረፍታ ነግረሺኛል። ያን ሐሳብ ብቻሽን አትያዢው፤ ለባልሽ ዛሬውኑ፣ ለሐኪምሽም ነገ ንገሪ፤ ለእኔም በማንኛውም ሰዓት ደውዪ፣ ስልኬ ራስጌዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የሳምንት እንጀራና የተቁላላ ሽንኩርት ይዤ ነው የምመጣው፤ ምጣድ እንዳታሰሚ፣ ቤቱንም ለእኔ ብለሽ እንዳትጠርጊ። ተኝተሽ ላግኝሽ።