ታናሿ ተጫዋችና የታላላቆቿ ግዴታ

ጨዋታ ቀላል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን የልጆችን ጨዋታ ቆሞ በጥሞና የተመለከተ ሰው ስለ ፍርድ፥ ስለ ርኅራኄና ስለ ክብር ብዙ ሊማር ይችላል እንላለን። ዛሬ የምንመረምረውም ጥያቄ ከሜዳ የተነሣ ነው፤ ይኸውም በዕድሜና በጕልበት የሚበልጡ ልጆች፥ አንዲት ታናሽ ልጅ አብራቸው ስትጫወት የሚገባትን አደረጉላት የሚባለው ምን ሲያደርጉ ነው? የሚል ነው።

አንድ ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቆመን የእግር ኳስ ጨዋታ እንመለከት ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ነበረች፤ የቀሩት ግን በአራትና በአምስት ዓመት የሚበልጧት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ ቈየች፤ ኳስ ያቀበላት ግን አልነበረም። በመጨረሻ ኳሱ እንዳጋጣሚ ከእግሯ ሥር ሲገባ ተከላካዮቹ እርስ በርሳቸው ተጣቅሰው ገለል አሉላት፤ ግብ ጠባቂውም ሆን ብሎ በሌላ በኩል ወደቀ። ግብ ሆነ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። ልጅቱ ግን አልሣቀችም፤ ከሜዳው ወጥታ ሣር ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ደክሟት ነው ብለን ነበር፤ በኋላ ነገሩን ስናስበው ግን በጭብጨባችን አፈርን።

ምን በደሏት? ማንም አልመታትም፤ ማንም አልሰደባትም፤ እንዲያውም ግብ ሰጧት። ነገር ግን ግብ ደስ የሚያሰኘው የሚከላከል ሰው ስላለ ነው። ማንም ሳይከላከል የገባ ግብ ምጽዋት እንጂ ድል አይባልም። ልጅቱ የፈለገችው ምጽዋት አልነበረም፤ ከቡድኑ እንደ አንዱ መቈጠርን ነበር። እነርሱ ግን በሜዳው ውስጥ አቁመው ከጨዋታው አስወጧት።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ «እንግዲያስ እንደ እኩያቸው ይጋፏት፥ ይገፍትሯት ማለታችሁ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። የቁመትና የክብደት ልዩነት እውነተኛ ነገር ነው፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አካል ከከባድ አካል ጋራ ሲጋጭ ይበልጥ የሚጐዳው ታናሹ ነው። ይህን ልዩነት እንደሌለ መቍጠርም ራሱን የቻለ ግፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ የጕልበት ልክ፥ ሁለተኛው የአባልነት ክብር ነው። ታላቁ ልጅ ጕልበቱን ሊመጥን ይገባዋል፤ የታናሿን ክብር ግን ሊቀንስ አይገባውም። ኳሱን ይንጠቃት፤ እግሯን ግን ይጠንቀቅላት። ስትሳሳት ይንገራት፤ ጥሩ ቦታ ስትይዝ ያቀብላት። እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ራሱም ይጠቀማል፤ ኀይሉን መልቀቅ ብቻ ሳይሆን መግዛትንም ይማራልና።

ከሐሰተኛው ርኅራኄ ሌላ ፈጽሞ መከልከልም አለ። በብራዚል አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 የወጣው ድንጋጌ ለሴት ተፈጥሮ አይስማሙም የተባሉትን ስፖርቶች ለሴቶች ከለከለ፤ በዚህም ምክንያት የሴቶች እግር ኳስ እስከ 1979 ድረስ ተከልክሎ ኖረ። ማርታ ቪዬይራ ዳ ሲልቫ የተወለደችው ክልከላው ከተነሣ በኋላ፥ በ1986፥ ዶይስ ሪያሾስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በልጅነቷ ከወንዶች ልጆች ጋራ ትጫወት ነበር። ሕጉ ቢሻርም ልማዱ ገና አልተሻረም ነበርና፥ ሴት በመሆኗ ከወንዶች ልጆች ውድድር እንድትወጣ ተደረገች። ምክንያቱ ጕዳትን መፍራት ቢሆን ኖሮ በሚዛን ሊታይ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የተመዘነው ዐቅሟ ሳይሆን ጾታዋ ነበር። ይህችው ልጅ በ14 ዓመቷ ኳስ ለመጫወት ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄደች፤ በ2019ም 17ኛዋን የዓለም ዋንጫ ግብ አገባች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንድም ከሴትም በዓለም ዋንጫ ያን ያህል ያገባ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። ማርታ ተበደለች የምንለው በኋላ ዝነኛ ስለ ሆነች አይደለም፤ ስሟ ከዚያች ከተማ ባይወጣም ኖሮ በደሉ ያው በደል ነው። አለዚያ የመጫወት መብት ለባለ ተሰጥዎዎች ብቻ የተቈረጠ ርስት ሊሆን ነው። ሣር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ምናልባት ወደ ፊት ኳስ የማትነካ ሐኪም ወይም ነጋዴ ትሆን ይሆናል፤ የዚያን ቀን የሚገባት ክብር ግን በዚህ አይጐድልም።

ነገሩም በልጆች ሜዳ ብቻ የሚቀር አይደለም። በመሥሪያ ቤትም ወንበር ተሰጥቷት ሥራ የማይሰጣት፥ በስብሰባም ንግግሯ ተጨብጭቦለት ሐሳቧ የማይመረመርላት ወጣት አለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ቀጭኑ ክር ለጌጥ ብቻ ከተንጠለጠለ ድሩ አላበረም።

እንግዲህ መምህራንም አለቆችም ወላጆችም ከሜዳው ዳር ስንቆም፥ ለታናሿ ለማጨብጨብ አንቸኵል። ይልቅስ ታላላቆቹን፥ «አቀብሏት፤ ከዚያም በርትታችሁ ተከላከሏት» እንበላቸው።