ስለ ዕቃውና ስለ ሠሪው ክብር

ዕቃው የተከበረ ሲሆን የዕቃው ሠሪ የተናቀ ሊሆን ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን በሆሣዕና፥ በዱራሜ፥ በአንጋጫና በሾኔ ለኖረ ሰው ጥያቄው ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በየማጀቱ ተቀምጦ የኖረ ነው።

በሐዲያና በከምባታ ቤት ያለ ሸክላ የሚሆን ነገር አልነበረም። ውሃው በእንስራ ይቀዳል፤ ጎመኑ በድስት ይቀቀላል፤ ከእንሰት የተዘጋጀው ቆጮ በምጣድ ይጋገራል፤ ቡናው በጀበና ይፈላል። ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው አታካና እንኳ፥ ቡላው ከወተትና ከቅቤ ጋራ ተዋሕዶ የሚበስለው በሸክላ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያበጁት ሴቶች ናቸው፤ ያለ መንኰራኵር፥ በእጃቸው ብቻ፥ ጭቃውን አሽተው፥ ቅርጹን አውጥተው፥ ካደረቁት በኋላ በሜዳ እሳት ይተኵሱታል። ገበሬው ግን ወገናቸውን ፉጋ እያለ በስድብ ስም ይጠራ ነበር። ከእነርሱ ጋራ መጋባት ነውር ነበር፤ ከቤት አይገቡም፤ ምግብ ቢሰጣቸውም በእንሰት ቅጠል ወይም በተሰበረ ገል ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ዕቃውን ያበጀችው ሴት በዚያው ዕቃ እንዳትበላ ተከልክላ ትኖር ነበር።

ነቢዩ ኤርምያስ የአምላኩን ቃል ይሰማ ዘንድ የታዘዘው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንዲወርድ ነው እንጂ ወደ ንጉሥ አዳራሽ እንዲወጣ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድበውን ሁሉ ገሥጸው ነበር። ነገር ግን አዋጅ ከአደባባይ ተነሥቶ ጓዳ እስኪገባ ድረስ ብዙ ዘመን ይፈጅበታል።

ከዚያ በኋላ የኅብረተሰብአዊነት ዘመን መጣ። ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲሰጥ ተወሰነ። በሰው ብዛት በተጨናነቀችው በከምባታ ይህን ያህል መሬት መመኘት ከንቱ ነበር። ሆኖም ሸክላ ሠሪው በገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ፥ ጠበብ ያለችና ብዙ ጊዜም ደካማ የሆነች ቍራሽ መሬት አግኝቶ፥ ትናንት ከደጅ ከመለሰው ሰው ጋራ በአንድ ስብሰባ ተቀመጠ። የዚያ ዘመን ግፍ ብዙ ነው፤ ይህ በጎ ነገር ግን ሊካድ አይገባም።

ያ ሥርዐት ስለ ቤት ዕቃ የነበረው አሳብ ከሩቅ አገር የተወለደ ነው። በምሥራቅ ጀርመን በ1951 ዓ.ም. ኬሚስትሪ እንጀራን፥ ብልጽግናንና ውበትን ይሰጣል የሚል መፈክር ተነሥቶ ነበር፤ ጌጥ የሌለው፥ አንዱ ከሌላው የማይለይ የፋብሪካ ዕቃ የድኻውንና የባለጸጋውን ማእድ አንድ ያደርጋል ተብሎ ታሰበ። በሐዲያ መንደር ይህ አሳብ በትምህርት መልክ ሳይሆን በጀሪካን፥ በኢናሜል ሰሐንና በዘይት ጣሳ መልክ ደረሰ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ ይቀላል፤ ቢወድቅ አይሰበርም። (የእንስራን መጥፋት እያነሡ የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንስራ ተሸክመው ዳገት ያልወጡ ናቸው።)

ጀሪካን ዘር የለውም። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ከእርሱ ቀድቶ ይጠጣል። እንዲህ ከሆነ እኩልነት ደረሰ ይባላልን? ነገሩን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ሰው፥ ከዕቃው ላይ ነውሩ የተነሣለት ሠሪው ስለ ተከበረ አይደለም፤ ሠሪው ከዓይን ስለ ተሰወረ ነው እንጂ። ንቀቱም የሚያርፍበት ሰው አጣ እንጂ አልሞተም።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ «ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ትታ እንደ ጎረቤቷ ብታርስ ከዚህ የበለጠ ነጻነት ምን አለ?» ይል ይሆናል። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ በእርሻ ለመኖር የወደደ ሰው መሬት ማግኘቱ ፍርድ ነውና። ነገር ግን ሸክላውን ትተሽ ተከበሪ ማለት ሸክላው ነውር ነው ብሎ ከሰዳቢው ጋራ መስማማት ነው። መሬት በሰጣት በዚያው ዘመን የገባው ጀሪካን የእንስራዋን ገበያ ወሰደባት፤ የተሰጣት ቍራሽ መሬት ደግሞ ያጣችውን ለመተካት ሁልጊዜ አልበቃም።

የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን ገና ከመጀመሪያው ይማራል። የወርቅ አንጥረኛው ሥራ ግን ሦስተኛ ነገር አለበት፤ ሰሙን የሚከብበው ጭቃ ነው። ሰሙ ይቀልጣል፤ ወርቁ በስፍራው ይፈስሳል፤ ለወርቁ መልክ የሰጠው ጭቃ ተሰብሮ ይጣላል። በጉባኤው ስለ ሰሙና ስለ ወርቁ ሲነገር ጭቃውን የሚያነሣ አይገኝም።

በዛሬው የሆሣዕና ገበያ እንስራው እያነሰ መጥቶአል፤ ጀበናውና ምጣዱ ግን አሉ፤ ፕላስቲክ እሳት አይችልምና። ገዢዪቱ ጀበናውን አንሥታ በጣትዋ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ስንጥቅ እንዳለው ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዋጋውን ተከራክራ ወደ ቤትዋ ትወስደዋለች። ቡናው ይፈላል፥ ጎረቤትም ይጠራል። ሸክላ ሠሪዪቱ ከተጠሩት መካከል መሆንዋን ወይም አለመሆንዋን የሚያውቀው ያ ሰፈር ነው።